ጥርስዎ ሌሊት ሲነሳብዎት፦ ሐኪም ጋ እስኪደርሱ የሚያቆዩ የቤት ማስታገሻዎች በቅደም ተከተል

ጥርስ ሲያም ሰው ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከትታል። መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ በረዶ። ሁሉንም በአንድ ሰዓት ውስጥ። በመጨረሻ «ምንም አልሠራልኝም» ይልና እየተገላበጠ ያነጋል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማስታገሻው አይደለም። ውሃው ከመጠን በላይ ይሞቃል። የቅርንፉድ ዘይቱ ሳይቀጥን ድድ ላይ ይፈስሳል። ጥርስ መሃል የተወተፈው ምግብ ሳይወጣ ማስታገሻ ይደረብበታል። ቅደም ተከተሉን ካስተካከሉት እነዚሁ ነገሮች አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ያሻግራሉ።

ያሻግራሉ ነው ያልኩት። የተቦረቦረ ጥርስ በጨው ውሃ አይደፈንም፤ የተቋጠረ መግልም በቅርንፉድ አይደርቅም። ስለዚህ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ይያዙ፤ ከታች ያለው እስከዚያ የሚያቆይዎት ነው።

መጀመሪያ ይህን ያጣሩ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ወደ ደረጃ 1 አይለፉ። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

- ፊትዎ፣ ከአገጭ ሥር ወይም አንገትዎ ካበጠ። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ ጉሮሮ እየሄደ ከሆነ ደግሞ ደቂቃ አያባክኑ።
- መዋጥ፣ መተንፈስ ወይም አፍ በደንብ መክፈት ካቃተዎት።
- ከጥርስ ሕመሙ ጋር 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለ።
- የመንጋጋ ሕመሙ ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከቀዝቃዛ ላብ ጋር ከመጣ። ይህ የልብ ሊሆን ይችላል።

በምት የወለቀ የአዋቂ ጥርስም የቤት ጉዳይ አይደለም። ሥሩን ሳይነኩ ወተት ውስጥ ይክተቱትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ለመድረስ ይሞክሩ።

የሚያዘጋጁት

ሁሉንም ከመጀመርዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። ጥርስ እየጠዘጠዘ ቁም ሣጥን መበርበር ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ጨው፤ ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ፤ ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ፤ የጥርስ ክር፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ንጹህ ጥጥ፤ ቅርንፉድ ወይም የቅርንፉድ ዘይት፤ የወይራ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት፤ በረዶ፤ ስስ ፎጣ፤ ሁለት ሦስት ትራስ።

ደረጃ 1፦ የታመመውን ጥርስ ይለዩ

«ይኸኛው ነው» ብለው አይቸኩሉ። የጥርስ ሕመም ያታልላል። የታመመው የላይኛው ሆኖ ሳለ የታችኛው የሚያም ሊመስል ይችላል። ከግራ ወደ ቀኝ ግን ብዙ ጊዜ አይሻገርም። ስለዚህ ጎኑን ይመኑ፤ ጥርሱን ግን ይፈልጉ።

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
2. መስታወት ፊት ቆመው የስልክዎን መብራት ያብሩ።
3. ጉድጓድ፣ ጥቁር ነጥብ፣ ስንጥቅ ወይም የወደቀ ሙሌት ይፈልጉ። ድዱ ላይ ብጉር የሚመስል ነገር ካለም ልብ ይበሉ። እሱ የመግል መውጫ ሊሆን ስለሚችል አያፍርጡት።
4. በማንኪያ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ ያድርጉ። ከጤነኞቹ ይጀምሩ፤ እጅዎ የላላ ይሁን። አንዱ ጋ ሲደርሱ «እህ» ካስባለዎት አግኝተውታል።

አሁን የሕመሙን ጠባይ ያስተውሉ። ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ብልጭ ብሎ በጥቂት ሴኮንድ የሚጠፋ ከሆነ ነርቩ ተቆጥቷል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ሊተርፍ ይችላል። ማንም ሳይነካው የሚነሳ፣ ትኩስ ሲያገኘው የሚብስ፣ አንዴ ከተነሳ ለደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ ከሆነ ነርቩ ክፉኛ ተጎድቷል። ነክሰው ሲለቁ የሚወጋ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ጥርስ ነው። በርከት ያሉ የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች አንድ ላይ የሚያሙ፣ አፍንጫ የታፈነ፣ ጎንበስ ሲሉም የሚብስ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ንጹህ ሆኖ ጥፋተኛው ሳይነስ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ የተወተፈውን ያውጡ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። በጥርስና በድድ መሃል የገባ አንዲት ቅንጣት ምግብ የነርቭ ሕመም የሚመስል ስቃይ ታመጣለች። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት ሙሉ «ነርቬ ነው» እያልኩ ስቃትት አድሬ፣ ጠዋት ክር ሳሳልፍ የወጣችው የሩዝ ፍሬ ግማሽ የማታህል የሥጋ ክር ነበረች። ሕመሙም አብሯት ወጣ። የዚያን ሌሊት የጨረስኩት ቅርንፉድ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

1. ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጉመጥመጡ።
2. 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የጥርስ ክር ይቁረጡ። ጫፍና ጫፉን ጣቶችዎ ላይ ጠቅልለው መሃሉ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ።
3. በጥርሶቹ መሃል እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እያሉ ቀስ ብለው ያስገቡ። በኃይል ከጫኑት ድንገት ተስፈንጥሮ ድዱን ይቆርጠዋል።
4. ክሩ ጥርሱን ጎኑ ላይ እንዲያቅፈው አድርገው ከድዱ ጠርዝ ሥር ወደ ጥርሱ ጫፍ ይጥረጉ። ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ የጎረቤቱን ጥርስ ጎን።
5. ከታመመው ጥርስ በፊትም በኋላም ያለውን ክፍተት ያጽዱ። አንዱን ብቻ አጽድተው አይቁሙ።
6. እንደገና ይጉመጥመጡ።

ትንሽ ደም ቢታይ አይደንግጡ፤ የተቆጣ ድድ በቀላሉ ይደማል። ክሩ ሙሌት ጋ ከያዘዎት ወደ ላይ አይጎትቱት፤ አንዱን ጫፍ ለቀው በጎን ይሳቡት። መርፌ፣ ስፒልና ስንጥር አይሞክሩ። የተወተፈውን ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ ድዱንም ይወጋሉ። ክር ከሌለ ለስላሳ ብሩሽ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ድዱ ጠርዝ ላይ በቀስታ ያንቀሳቅሱ።

ከዚህ በኋላ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ሕመሙ እየቀለለ ከመጣ ሌላ ነገር አይጨምሩበት።

ደረጃ 3፦ የጨው ውሃ

1. አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይቅዱ። ጣትዎን ቢነክሩበት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማዎት ይሁን።
2. ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረው ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ያማስሉ።
3. አንድ ጉንጭ ይያዙ። ራስዎን ወደታመመው ጎን ዘንበል አድርገው ለ30 ሴኮንድ ያቆዩት። በኃይል ማንገጫገጭ አያስፈልግም።
4. ይትፉ። ብርጭቆው እስኪያልቅ ይድገሙ።
5. ከምግብ በኋላና ከመተኛትዎ በፊት፣ በቀን አራት ጊዜ ያህል ያድርጉት።

የጨው ውሃ ያበጠን ድድ ያጸዳል፣ እብጠቱንም ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ነርቭ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ከድድ ለሚነሳ ሕመም ጥሩ ነው፤ ለጥዝጠዛ ግን ብቻውን ብዙ አይጠብቁበት።

ጨው ማብዛት ኃይል አይጨምርለትም፤ አፍ ያደርቃል፣ የቆሰለ ድድ ያቃጥላል። ሲጉመጠመጡ ሕመሙ ድንገት ካሻቀበ ውሃው ወይ ሞቋል ወይ ቀዝቅዟል። ይትፉት፣ ሙቀቱን አስተካክለው ይሞክሩ። መልሶ ካሻቀበ ይተዉት። በቅርቡ ጥርስ የተነቀለበት ቦታ ካለ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አይጉመጥመጡ፤ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ይነቀላል፤ ያኔ የሚመጣው ሕመም ከአሁኑ ይብሳል።

ደረጃ 4፦ ቅዝቃዜ ከውጭ

በረዶውን ስስ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለው ጉንጭዎ ላይ፣ በታመመው ጥርስ ትክክል ይያዙ። 15 ደቂቃ ይያዙ፣ 15 ደቂቃ ያሳርፉ። ሦስት ዙር ይበቃል። ቅዝቃዜው የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ የሕመም ስሜቱንም ያደነዝዛል።

በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ ወይም ጥርሱ ላይ አያድርጉ። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣም ይሠራል። ሙቅ ነገር ግን አይያዙ። መግል የያዘ እብጠት ላይ ሙቀት ከውጭ ማድረግ እብጠቱን ያባብሰዋል።

አንድ ምልክት ልብ ይበሉ። ፋታ የሚያገኙት ቀዝቃዛ ውሃ አፍዎ ውስጥ ሲይዙ ብቻ ከሆነ፣ ውሃው ሲሞቅ ሕመሙ ከተመለሰ፣ ነርቩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ጠርሙስ ይዘው ሊያድሩ ይችላሉ። ጠዋት ግን በቀጥታ ጥርስ ሐኪም ጋ ነው።

ደረጃ 5፦ ቅርንፉድ

ከቤት ማስታገሻዎች ሁሉ እኔ የምተማመንበት ይህ ነው። ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የነካውን ቦታ ያደነዝዛል። ጥርስ ሐኪሞችም ዩጂኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር አቡክተው ጊዜያዊ ሙሌት ይሠሩበታል። ጥርስ ሐኪም ክፍል ሲገቡ አፍንጫ የሚመታው ያ ሽታ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ኃይለኛ ስለሆነ ግን ያቃጥላል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ጥርሱ ላይ ሲያንጠባጥብ ነው።

*በዘይቱ ከሆነ*

1. አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት ጨምረው ያዋህዱ።
2. የታመመውን ጥርስና ዙሪያውን በደረቅ ጥጥ ያድርቁ። እርጥብ ጥርስ ላይ ዘይቱ አይቆይም፤ ምራቅ ይዞት ይሄዳል።
3. የምስር ፍሬ የምታህል ጥጥ ድቡልቡል አድርገው ዘይቱ ውስጥ ይንከሩ። ከዚያ ይጭመቁ። እየተንጠባጠበች አፍዎ ውስጥ መግባት የለባትም።
4. በንጹህ ወረንጦ ጉድጓዱ ላይ ወይም ጥርሱ ላይ ያስቀምጡ። አይጠቅጥቁ። ድድና ምላስ እንዳትነካ ይጠንቀቁ።
5. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይያዙ። ምራቁን ይትፉ እንጂ አይዋጡ።
6. ጥጡን ያውጡና በውሃ ይጉመጥመጡ። ጥጥ አፍ ውስጥ ትተው አይተኙ።

መጀመሪያ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ቦታው ድንዝዝ ይላል። ከደነዘዘ በኋላ በዚያ ጎን አይብሉ፤ ጉንጭዎን ነክሰው ሳይታወቅዎት ሊያቆስሉት ይችላሉ። ከሦስት ሰዓት በፊት አይድገሙ፤ በቀን ከሦስት ጊዜም አይለፉ።

*በፍሬው ከሆነ*

አንድ ቅርንፉድ በውሃ ይጠቡ። በታመመው ጥርስና በጉንጭዎ መሃል ያስቀምጡት። ምራቅ እስኪያለሰልሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ጤነኛው ጎን አዙረው አንድ ጊዜ ለስለስ አድርገው ይንከሱትና ወደ ቦታው ይመልሱት። 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በታመመው ጥርስ አይንከሱት። የተሰነጠቀ ከሆነ ቅርንፉዱ ጭራሽ ይፈነክተዋል። የተፈጨ ቅርንፉድም ጉድጓድ ውስጥ አይሙሉ፤ ጠጥሮ ይቀራል፣ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

*ሲበላሽ*

ድዱ ወይም ምላሱ ክፉኛ ካቃጠለ ጥጡን ወዲያው አውጥተው በብዙ ውሃ ይጉመጥመጡ፤ ያን ቀን አይድገሙ። ዘይቱ ምንም ካልተሰማዎት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለተኛው ተራ ነው፤ ጥርሱ አልደረቀም። ደርቆም ካልሠራ ሕመሙ ከሥሩ ነው፤ እዚያ ድረስ ቅርንፉድ አይወርድም።

የቅርንፉድ ዘይት ለልጆች አይሰጥም። ሕፃን ጥቂቱን እንኳ ቢውጥ ጉበቱን ሊጎዳ፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። ጠርሙሱን ከልጆች ያርቁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳይጠይቁ አይጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ ሌሊቱን ማሳለፍ

ጥርስ ሌሊት የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋደም ሲሉ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ጥርስ ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው፤ ያበጠው ነርቭ የሚለጠጥበት ቦታ የለውም። ያ «ድም፣ ድም» የሚለው የልብ ምትዎ ነው።

1. ትራሶቹን ደራርበው ከወገብዎ በላይ ቀና ብለው ይተኙ። ከራስ ሥር ብቻ መደራረብ አንገት ያጥፋል። ከትከሻ ሥር ይጀምሩ።
2. በታመመው ጎን አይተኙ።
3. እራት ለስላሳና ለብ ያለ ይሁን፤ በጤነኛው ጎን ያኝኩ። ትኩስ፣ በረዶ፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ ነገር ይቅር።
4. ጥርስዎን መቦረሽ አይተዉ። ብዙ ሰው ስለሚያመው ይተወዋል፤ በማግስቱ ይብስበታል። ለስላሳ ብሩሽና ለብ ያለ ውሃ ይጠቀሙ።

ሰዎች የሚሞክሩት፣ እርስዎ የማይሞክሩት

*ጥሬ ነጭ ሽንኩርት።* ወቅጬ ድዴ ላይ ለጥፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጥርሴ እንደነበረው ነው። ድዴ ግን ነጭ ሆኖ እንደ ቀቀሉት ቲማቲም ልጣጭ እየተላጠ ነበር። ለሳምንት ያህል ቁርስ ቅጣት ሆነብኝ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የአፍን ሥጋ ያቃጥላል፤ ሲቆይ ደግሞ ያቆስላል።

*አስፕሪን ድድ ላይ።* ክኒኑ አሲድ ነው። ተውጦ በደም በኩል ነው የሚሠራው። ድድ ላይ ሲቀመጥ የሚያደርገው ማቃጠል ብቻ ነው።

*አልኮል መያዝ።* ለአፍታ ያደነዝዛል፤ ቁስል ላይ ካረፈ ግን ያቃጥላል። ማስታገሻ ክኒን ከወሰዱበት ደግሞ ጨጓራና ጉበት ላይ ጫና ይጨምራል።

*ከባለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ።* ነርቩ ለተቆጣ ጥርስ አንቲባዮቲክ ሕመም አያስታግስም። ትኩሳትና እብጠት ሲኖር ሐኪም ያዘዋል። ከመሳቢያ የተገኘ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን ግን ለማንም አይበጅም።

ክኒን መጨመር ካስፈለገ

በቤት ማስታገሻ ብቻ ካልሄደ ክኒን መውሰድ ሽንፈት አይደለም። ለጥርስ ሕመም አይቡፕሮፌን ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ምክንያቱም እብጠቱንም ይቀንሳል። ለአዋቂ 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ከ1200 ሚሊ ግራም አይለፉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት በሽታ ወይም አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌንን በራሱ አይጀምር። ፓራሲታሞል የሚወስዱ ከሆነ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን መጠን ያክብሩ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚኖር ሳያውቁት እንዳይደርቡ ያንብቡ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ለልጆች በጠቅላላው አጭር ነው፦ መትፋት የሚችል ልጅ የጨው ውሃ፣ ጉንጭ ላይ ቅዝቃዜ፣ በክብደቱ የተለካ ፓራሲታሞል፣ ከዚያ ሐኪም።

ሕመሙ ድንገት ቢጠፋስ?

ብዙ ሰው ቀጠሮውን የሚሰርዘው እዚህ ጋ ነው። ሦስት ቀን የጠዘጠዘ ጥርስ ባንድ ጊዜ ዝም ካለ ድኗል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የሞተ ነርቭ አያምም። ኢንፌክሽኑ ግን ወደ አጥንቱ መውረዱን ይቀጥላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እብጠት ሆኖ ይመለሳል። አፍዎ ውስጥ ድንገት መጥፎ ጣዕም መጥቶ ሕመሙ ቀለል ካለ ደግሞ መግሉ መውጫ አግኝቷል፤ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡና በዚያው ቀን ይታዩ።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ

ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ያመመ ጥርስ መታየት አለበት። ወረቀት ላይ አራት ነገር ጽፈው ይሂዱ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያስነሳው፣ ከተነሳ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ምን ክኒን በስንት ሰዓት እንደወሰዱ። የመጨረሻው በተለይ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ጥርሱን በቅዝቃዜና በመንካት ሲፈትሽ የማስታገሻው ኃይል ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል። ቅርንፉድ ተጠቅመው ከሆነም ይንገሩ፤ ለነገሩ አፍዎን ሲከፍቱ ሽታው ቀድሞዎት ይናገራል።